አድርቀህ መዝን

አርባ ዘጠኝ።
ቀይ እስክሪብቶዬ እዚህ ቁጥር ላይ ቆሞ ቀረ፣
ጣሪያው ላይ የጅማ ዝናብ ሌላ ወሬ ጀመረ።
መብራት ሄደ፤ ተመለሰ። ሻዬ ቀዘቀዘ።
አንዲት ነጥብ፣ አንዲት ብቻ፤ ጣቴ በላይዋ ደነዘዘ።

ቀን ላይ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል
ሁሉም የየራሱን ሚዛን ከኪሱ አውጥቶ ሲያካፍል።

ጋሽ ኮቺቶ የፊዚክሱ፣ ጡረታው አምስት ወር የቀረ፣
ከቦንጋ በእግሩ መጥቶ፣ በኩራዝ የተማረ፣
"አልጨምርም" አለ፣ "ለእኔስ ማን ጨመረልኝ?
ድንጋይ ተንተርሼ አነበብኩ፤ እሷም ታንብብልኝ።"

ሂክመት፣ ስድስት ታናናሾች በአንድ ደመወዝ ያሳደገች፣
"ልጅ ከቁጥር በፊት ልጅ ነው፤ ትለፍ!" ብላ ደነገገች።

ሌላው፣ ስሙን የማልጠራው፣ ሦስት ባጃጅ ያለው፣
ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ እንዲህ ነበር ያለው፦
"ወንድሜ፣ አርባ ዘጠኝ ሆነ ሃምሳ፣
ደመወዝህ ላይ ምን ሊጨምር? ይልቅ ምሳ እንብላ፣ ተነሳ።"

ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹ ልቤ ከእሱ ጋር ነበር፤
የቤት ኪራይ ጨምሯል፤ ጫማዬም አፉን ከፍቷል ሊናገር።

ማታ ግን ብቻዬን ስሆን፣ ከወረቀቱ ጋር ስፋጠጥ፣
አባቴ መጣ፤ እንደ ልማዱ፣ ሳያንኳኳ ሊቀመጥ።

አባ መጫ ሚዛን ያዡ። በሂርማታ፣ በቡና መጋዘን፣
ነጋዴ በዓይኑ ሲጠቅሰው፣ ገበሬ በዓይኑ ሲያዝን፣
ጣቱን ከሳህኑ ጠርዝ አርቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጥፎ፣
አንዲት ፍሬ ሳይበላ፣ ሳያበላ፣ ማታ የሚገባ ኪሱን አራግፎ።
እናቴ ትቆጣው ነበር፦ "ሰው ጣቱን አስነክቶ ቤት ሠራ፤
አንተ ሚዛን አገባህ፤ እኔ ቀረሁ ከሚያፈስ ጣራ።"

አንድ ጊዜ ከጌራ የመጣ ሰው፣ እርጥብ ቡና አስጭኖ፣
አንዱ "ቀንስ"፣ ሌላው "ጨምር" ሲሉት፣ ጩኸቱ ግራ ቀኝ ሆኖ፣
አባቴ ጆንያውን አወረደ። አልጨመረም፤ አልቀነሰ፤
"አድርቀህ አምጣው፤ እኔ እዚህ ነኝ" ብሎ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።
ሦስት ቀን ጠበቀው፣ በሩን ሳይዘጋ።
(ነጋዴው የሰደበውን ስድብ አልጽፈውም፤ ሊነጋ ነው፣ ሊነጋ።)

ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሚዛኑ ግን ከሆዴ ጓዳ፤
እሱ ነው ጠዋት ጠዋት የሚገፋኝ፣ በጭቃው፣ ወደ ሰሌዳ።

ኮቺቶ ድንጋዩን ይዞ፣ ሂክመት እህቶቿን አስከትላ፣
ባለባጃጁም አንድ የተሰበረ ነገር፣ ማን ያውቃል፣ ደብቆ ከስልኩ ኋላ፣
በአንድ ደወል እንገባለን፣ እያንዳንዳችን ሰባ ልጅ ፊት፤
መጽሐፉ አንድ፣ ጠመኔው አንድ፤
የምናስተምረው ግን የመጣንበትን ቤት።

አርባ ዘጠኙን አልነካሁትም። ከጎኑ "ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ።
በመጀመሪያው ቅዳሜ ረውዳ አልመጣችም፤ ከባዶ ወንበሮች ጋር አረፈድኩ።

በሁለተኛው መጣች፤ ከሰቃ፣ በአይሱዙ ተጭና፣
ደብተሯ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ጥፍሯ ጠቁሮ በለቀማ ቡና።
"ይቅርታ ቲቸር፣ ለቀማ ነበር።"
"አውቃለሁ" አልኳት።
ከዚያ ወዲያ ቆርቆሮው ጮኸ፤ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማሁ፤
ጠመኔ ሰጠኋት። ጻፈች። አጠፋች። ዝም ብዬ ጠበቅሁ።

ደግማ ተፈተነች።
አርባ ሰባት።

አባቴ ቢያይ ይስቅ ነበር።
"ገና አልደረቀም" አልኳት፤ አልገባትም።
"በሚቀጥለው ቅዳሜ" አልኩ፤
በሩን አልዘጋሁትም።